ከዝናቡ ሥር ያለችው አስካለ

አኳራጅ ሲሸተኝ ይርበኛል። ሌላው ሰው የቀለም ማቅጠኛ ሲሸተው አፍንጫውን ይይዛል፣ መስኮት ይከፍታል፤ እኔ ምራቄን እውጣለሁ። ባለፈው ግንቦት የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ የበሯን ብረት ስታስቀባ ሽታው ደረጃውን ወጥቶ በበሬ ሥር ገባ። ቁርሴን በልቼ ገና አፌን አልጠረግሁም ነበር፤ ሆዴ ግን እህል እንዳልቀመሰ ሰው ጮኸ። ምስኪን ሆድ! ጸጉሬ ሸብቶ፣ ጥርሴ ተቀንሶ፣ እሱ ዛሬም ያ ዘመን ያለ ይመስለዋል። አኳራጅ ከተገዛ ምሳ አልተገዛም ማለት ነው ብሎ ደምድሞ ተቀምጧል።

ያ ዘመን ስል ቀኑን እንዳትጠይቁኝ፤ ቀን ላይ ድሮም ሰነፍ ነኝ። መንግሥት ተለውጦ ሰው ስለ አዲሱ ገና በሹክሹክታ የሚያወራበት ጊዜ ነው። ታክሲ በሳንቲም የሚኬድበት፣ ከቦንዳ ተመርጦ የተገዛ የጂንስ ጃኬት የለበሰ ሁሉ አራዳ የሚባልበት፣ ካሴት ቤቶች ድምፅ ማጉያቸውን በር ላይ አውጥተው አንዱ የፍቅር፣ አንዱ የሠርግ ዘፈን እኩል እየለቀቁ መንገደኛውን ግራ የሚያጋቡበት። ልደታ ያኔ እንዲህ በፎቅ አልታጨቀችም። የጭቃ ቤት፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ክረምት ሲገባ ጫማ የሚያስወልቅ ጭቃ፣ ማዕዘኑ ላይ ቀይ አምፖል ያንጠለጠለ ሥጋ ቤት። ከሥጋ ቤቱ ጀርባ እኔና ዘበርጋ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። እኛ ስቱዲዮ እንላታለን፤ አከራያችን "የበጎቹ ቤት" ትላታለች። ዝናብ ሲዘንብ ሽታው ይነሣና ማን ልክ እንደሆነ እናምናለን።

ዘበርጋ ሥዕል አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። እኔ አንድ ቡሩሽ ሳነሣ ሦስት ሰው እንዲያየኝ የምፈልግ ነኝ፤ እሱ ሲሥል በሩን ይዘጋል። አንድ አመል ነበረው። ምግብ ሲቀርብ "በልቼ ነው የመጣሁት" ይላል። ቀለም ስንካፈል "እኔ አለኝ" ይላል። እኔ ደግሞ የሰው ቃል የማከብር ሰው ነኝ፤ በልቻለሁ ካለ በልቷል ብዬ የእሱንም ድርሻ እበላለሁ።

የቀለምን መወደድ የምንለካው በሆዳችን ነበር። ከውጭ የምትመጣው የዘይት ቀለም አንዷ ቲዩብ መጀመሪያ በሽሮ ዋጋ ነበረች። ቆየት ብላ በጥብስ ዋጋ ሆነች። ከዚያ በክትፎ። በኋላማ ለፋሲካ ከምንገባው ቅርጫ ጋር ትፎካከር ጀመር። ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ቀለም የሚሸጡ አንድ ሐጂ ነበሩ፤ ገና በሩን ስናልፍ "ዛሬ ለማየት ነው ለመግዛት?" ይሉናል።

"ሐጂ፣ ይቺ እኮ ባለፈው ሳምንት የዚህ ግማሽ ነበረች!"

"ቀለሙን እኔ አልወለድኩትም ልጄ። መርከቡን ጠይቀው።"

መርከቡን የት አግኝቼ ልጠይቀው? ዝም ብለን ቲዩቧን በእጃችን እየመዘንን፣ እንደ ታመመ ልጅ ግንባር እየዳበስን እንመልሳታለን። ሐጂም አይቆጡም፤ ጣታችን የነካውን በጨርቅ ጠርገው ያስቀምጣሉ።

ብልሃት አላጣንም። ሸራ ሲወደድ አቡጀዲ ወጥረን ኮላና ጄሶ እየቀባን ሠራን። ቡሩሽ ሲረግፍ ከሥጋ ቤቱ የፍየል ጭራ ለምነን ጸጉሩን በክር እያሰርን ሠራን። ነጭን ግን የሚተካው የለም። ነጭ ለሠዓሊ እንደ ጨው ነው፤ ሁሉም ውስጥ ይገባል፣ ከሁሉም ቀድሞ ያልቃል። ስለዚህ የሰፈሩ ሠዓሊዎች የነጭ ዕቁብ ጀመርን። አዋጥተን ትልቁን የነጭ ቲዩብ እንገዛና ዕጣ የወጣለት ይዞ ይሄዳል። ያ ሰው የዚያን ሰሞን ደመና ይሥላል፣ ነጠላ ይሥላል፣ በግ ይሥላል፤ ሌሎቻችን ደግሞ ነጭ የሌለበት ነገር እንፈልጋለን። ቲዩቡ ሲያልቅ በምላጭ ይቀደድና ውስጡ ይፋቃል፤ ቆዳው ላይ የቀረችው ለአንድ ዓይን ብርሃን ትበቃለች። ዋጋው ሲጨምር ሰዉ አንድ በአንድ እየተንጠባጠበ ቀረ። ዕቁቡ ሊፈርስ ሲል የመጨረሻዋ ዕጣ ለዘበርጋ ወጣች።

"ለማ ይውሰዳት፤ እኔ አለኝ" አለ።

ለማ ማለት እኔ ነኝ። ወሰድኳት።

ነጭ ባይኖረውም ዘበርጋ ሁላችንም የምንቀናበት አንድ ነገር ነበረው፤ እውነተኛ የተልባ እግር ሸራ፣ ቁመቱ ከሰው ትከሻ የሚደርስ። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የውጭ አገር ሰው ነው ትቶለት የሄደው። አንድ ሙሉ ክረምት በዚያ ሸራ ላይ ሚስቱን ሣለ። አስካለ ተክለ ሃይማኖት ጥግ ላይ ቅመም የምትሸጥ፣ ስትስቅ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ፍንጭቷን ለሰፈሩ ሁሉ የምታሳይ ሴት ናት። ልክ እንደዚያው አድርጎ ሣላት። አጠገቡ ስትቆሙ ሳቋ የሚሰማችሁ ይመስላል። "እንዴት ነው?" ሲለኝ "ጥሩ ነው" አልኩት። ውሸቴን ነው። ጥሩ አልነበረም፤ እኔ በዕድሜዬ ሙሉ የማልደርስበት ነበር። ያንን ቃል ግን በምራቄ ዋጥኩት። ቀለም ተወዶ ስስታም ሆንን እላለሁ እንጂ፣ ምስጋናስ በስንት ብር ነበር የሚገዛው?

በዚያ ሰሞን አቶ ግርማ የሚባሉ የሰንጋ ተራ ምግብ ቤት ባለቤት አንድ ሥዕል አዘዙኝ። "ሰፈራችን ይሁን፣ ዝናብ ይኑርበት፣ ትልቅ ይሁን" አሉ። ትልቅነቱ ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ግድግዳው ላይ ያለውን ስንጥቅ አሳዩኝ። ቀብድ ከፈሉኝ። እኔም በቀጥታ ሄጄ ቡናማ የከፋይ ጫማ ገዛሁበት። ትልቅ ትዕዛዝ ያለው ሠዓሊ በተቀደደ ጫማ መሄድ የለበትም ብዬ ነው። ጫማዬን አድርጌ ወደ ሐጂ ስሄድ፣ የሸራው ዋጋ እኔ ጫማ እስክመርጥ እጥፍ ሆኖ ጠበቀኝ። አቡጀዲ እንዳልወጥር ሥዕሉ ትልቅ ነው፤ ይረግባል፣ ስንጥቅ ይሸፍናል ሲባል እሱ ራሱ ይሰነጠቃል። የማስረከቢያው ቀን ተቃረበ። የበጎቹ ቤት ተቀምጬ አዲሱን ጫማዬን እያየሁ ራሴን ስረግም ዘበርጋ ሸራውን ከግድግዳው አንሥቶ ፊቴ አቆመው።

"ይኼን ውሰድ።"

"አብደሃል? አስካለ እኮ ናት!"

"አፍንጫዋን አበላሽቼዋለሁ። በላዩ ቀባው።"

"አፍንጫዋ ምንም አልሆነም።"

"አንተ ነህ ወይስ እኔ ነኝ የማውቃት? ባሏ እኔ ነኝ።"

ይህን ስንባባል ራሷ አስካለ ቆጮና ጎመን በጨርቅ ቋጥራ ገባች። "ምን ያንሾካሹካችኋል፣ እናንተ ረኃብተኞች?" አለች። ዘበርጋ ነገራት። ቋጠሮውን ቀስ ብላ አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች።

"ከላዬ ምን ልትሥልብኝ ነው?"

"ሰፈሩን" አልኳት።

"ሙሉ ሰፈር? ሥጋ ቤቱም ጭምር?"

"እሱም አለበት።"

"በል እንግዲህ፣ እኔም ሥጋ ቤት ተሸክሜ ልኑር!" ብላ ሳቀች። ሦስታችንም ሳቅን። እሷ ግን ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። አስካለ ስትስቅ አፏን ሸፍና አታውቅም። እኔ አየሁ፤ ዘበርጋ ቋጠሮውን እየፈታ ስለነበር ይየው አይየው አላውቅም። "እኔ በልቼ ነው የመጣሁት" ብሎ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋው።

"ምን በልቶ!" አለች አስካለ። "ጠዋት ሻይ እንኳ አልቀመሰም!"

እኔም በላሁ። ሁለቱንም በላሁ፤ ቆጮውንም፣ ሸራውንም።

የተሣለበት ሸራ እንደገና ሲሠራበት ወጉ የታወቀ ነው። አሮጌው ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ከዚያ የዘይት ነጭ ይቀባል፣ በዚያ ላይ ይሣላል። መምህራችን "ዘይት በውሃ ላይ ይተኛል፤ ውሃ በዘይት ላይ አይተኛም" እያሉ በውሃ የተበጠበጠ ቀለም በዘይት ላይ እንዳንቀባ ስንት ጊዜ አስጠንቅቀውናል። የብርጭቆ ወረቀቱን ግንባሯ ላይ አሳረፍኩና ተውኩት። ያን ሁሉ የሚሸፍን የዘይት ቀለምስ በየት በኩል? ሰንጋ ተራ ሕንፃ የሚቀቡ ልጆች ከባልዲ ሥር የተረፋቸውን የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም በርካሽ ሰጡኝ። እሱን ከዱቄት ቀለም ጋር እየበጠበጥኩ፣ የተኛ ሰው ጋቢ እንደማልበስ አስካለን ከግንባሯ ጀምሬ አለበስኳት። በላይዋ ቆርቆሮ ሠራሁ፣ ጭቃ ሠራሁ፣ ሥጋ ቤቱን ከነቀይ አምፖሉ፣ የበጎቹን ቤት በር ከነመወርወሪያው። መካከሉ ላይ ትልቅ የዝናብ ኩሬ አደረግሁ። የኩሬውን ብልጭታ በዘበርጋ ዕጣ፣ በዚያች በነጯ ቲዩብ ነው የሠራሁት። ምን ቀረኝ?

ሥዕሉ ተወደደ። ሰንጋ ተራ ምሳ የሚበላ ሁሉ "ይኼን ማን ሣለው?" ይል ጀመር፤ ሌላ ትዕዛዝ መጣ፣ ሌላ ጫማ መጣ። ዘበርጋ ግን ከዚያ በኋላ አልሣለም። "ሸራ ሲረክስ እጀምራለሁ" ይለኝ ነበር። ሸራ እስከ ዛሬ አልረከሰም። መጀመሪያ የሱቅ ማስታወቂያ ይጽፍ ነበር፤ የማስታወቂያ ማተሚያ መኪና ሲመጣ የእጅ ጽሑፍ የሚፈልግ ጠፋና ተክለ ሃይማኖት አንድ ማተሚያ ቤት ተቀጠረ። ለአንድ ሸራ ያልታደለ ሰው ቀኑን ሙሉ የሳሙናና የሙሽራ ፎቶ የታተመበት ላስቲክ በጥቅል በጥቅል ሲዘረጋ ዋለ። በዚያ ሳልፍ እንዳያየኝ የመንገዱን ማዶ እይዝ ነበር። ሸራውን ሰጥቶኝ እንጂ ሰርቄው አልነበረም፤ ግን በፈቃድ የወሰደ ሰው ይቅርታ የሚጠይቅበት ቀዳዳ የለውም። ሌባ እንኳ ከእኔ ይሻላል።

ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ። ሥጋ ቤቱም፣ የበጎቹም ቤት፣ ያ ማዕዘንም ሄዱ። በምትኩ እነዚህ ኮንዶሚኒየሞች ቆሙና የዕጣ ነገር ሆኖ እኔና ዘበርጋ እዚሁ ልደታ ጎን ለጎን ብሎክ ደረሰን። ዕጣም ያሾፋል። እሱን ላለማግኘት በወዲያኛው በር እየዞርኩ የምገባበትን ጉድ ጉልበቴ ያውቀዋል። አስካለ ስታርፍ ግን ማምለጫ አልነበረኝም። ድንኳኑ ግቢያችን ውስጥ ተተከለ፤ የቀረበው ፎቶዋ ከመታወቂያ ላይ የተነሣ ነበር። ፎቶ አንሺው "አትሳቂ" ብሏት መሆን አለበት፤ አፏ ግጥም ብሏል። ዘበርጋን "እግዚአብሔር ያጥናህ" ብዬው፣ ንፍሮ እንኳ ሳልዘግን ወጣሁ። ምግብ ትቼ ስወጣ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር።

እንግዲህ ባለፈው ግንቦት፣ ያ አኳራጅ በሸተተኝ ሳምንት፣ ሰናይት ደወለች። ሰናይት የአቶ ግርማ ልጅ ናት፤ ምግብ ቤቱን አሁን የምታስተዳድረው እሷ ናት።

"ጋሼ ለማ፣ ሥዕልዎ ደንበኛዬን አስቀየመብኝ።"

"ምን አደረገው ልጄ?"

"ሾርባው ውስጥ ገባበት!"

ሄድኩ። ሥዕሉ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ነበር የተሰቀለው፤ ያን ሁሉ ዓመት የጠጣው እንፋሎት ሠርቶለታል። ቆርቆሮዎቼ እንደ እንቁላል ልጣጭ ተጠቅልለዋል። ከኩሬው መካከል አንድ ቁራጭ ወድቋል፤ የሾርባው ቁራጭ ያ ነው። በኩሬው ውስጥ ጥርስ ይታያል። በሁለት ጥርሶች መካከል ፍንጭት።

"ይኼ ምንድነው ጋሼ? ወጥ ሠሪዋ እያማተበች ነው" አለች ሰናይት። "የሚስተካከል ከሆነ ያስተካክሉልኝ፤ ዋጋውን ራስዎ ይንገሩኝ። ካልሆነም ይውሰዱት፤ ቦታው ላይ ቴሌቪዥን እንሰቅላለን።"

"ይስተካከላል" አለ ምላሴ። ምላሴ ሁሌም ከእኔ ቀድሞ ነው የሚነሣው።

ሥዕሉን አንድ ተሸካሚ ይዞልኝ በባቡሩ ድልድይ ሥር ወደ ቤት መጣን። ወንበር ላይ አቆምኩትና ኮላ ከፈትኩ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ትንሽ ኮላ፣ ትንሽ ቡናማ፣ አስካለ ተመልሳ ትተኛለች። ሥዕሉ ደግሞ ስሜን ያስጠራ ብቸኛ ሥራዬ ነው፤ የፈረሰው ሰፈርም ከዚህ ሸራ በቀር የትም የለም። ለራሴ ይህን ሁሉ ተናገርኩ። ቡሩሹን ሳነሣ ያ ፍንጭት ከኩሬው ውስጥ ሳቀብኝ። ኮላውን ከደንኩና ሸራውን ተሸክሜ ወደ ጎረቤቱ ብሎክ ሄድኩ። በዋናው በር።

ዘበርጋ በሩን ከፍቶ ሲያየኝ፣ "ሰው ሞተ እንዴ?" አለ።

"አልሞተም።"

"ታዲያ ምን አመጣህ?"

ሸራውን አዞርኩለት። መነጽሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ አደረገ። ወደ ሸራው ጎንበስ አለ። እኔ ስድቡን፣ ጥፊውን፣ ከሁሉ የምፈራውን ዝምታውን ስጠብቅ፣ በጥፍሩ የተላጠውን ጠርዝ ነካ አደረገና፣

"በምንድነው የቀባኸው?" አለኝ።

"በ... ፕላስቲክ ቀለም።"

"በዘይት ላይ?"

"በዘይት ላይ።"

"ሳትፍቀው?"

"ሳልፍቀው።"

"ደንቆሮ! ያን ሁሉ ዓመት ምን ስትማር ነበር?" አለኝ። ቆይቶ ደግሞ፣ ቀስ ብሎ፣ "ለምን አልፋቅሃትም?" አለኝ።

እዚህ ላይ ትልቅ ሰው መምሰል እችል ነበር። "እጄ እንቢ አለኝ" አልኩት። ቀጥዬም፣ ለእሱ መዋሸት ስለሰለቸኝ፣ "የብርጭቆ ወረቀቱም አርጅቶ አይፍቅም ነበር" አልኩ። የትኛው እንደሚበልጥ እስከ ዛሬ አላውቅም።

"በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል" አልኩት። "ሁሉንም ላንሣው?"

ሥዕሉን እንደገና አየ። "ይኼ በራችን ነው እኮ። ሰፈሩ እንግዲህ ሌላ ቦታ የለም።"

"እሷስ ሌላ ቦታ አለች?"

የመታወቂያ ፎቶዋን ያንጠለጠለበትን ግድግዳ ዞሮ አየ። "ስትስቅ የሚያሳይ የለኝም" አለ።

የለኝም! ዘበርጋ ይህን ቃል ከአፉ ሲያወጣ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ጨርቁን ራሴ ነከርኩ። የሠራሁትን ራሴ ላፍርስ ብዬ ከቆርቆሮዎቹ ጀመርኩ፤ ሥጋ ቤቱ፣ ቀይ አምፖሉ፣ የኮራሁበት ጭቃ ሁሉ በጨርቁ እየተጠቀለለ ወረደ። ግንባሯ ወጣ፣ ዓይኖቿ ወጡ፣ ያ ተበላሸ የተባለ አፍንጫ ወጣ። አፍንጫው ምንም አልሆነም ነበር። ጥግ ላይ ደርሼ የበጎቹን ቤት በር ልነካ ስል፣ "እሱን ተወው፤ ትከሻዋ ላይ አይደርስም" አለኝ። ተውኩት። ወለሉ ላይ የተበተነውን ልደታን በመጥረጊያ ሰብስቤ በአቧራ ማፈሻ ያዝኩት፤ ስሜ የተጠራበት ሥራ ሁለት እፍኝ አልሞላም።

ሾርባው ውስጥ የገባው ቁራጭ ግን የአንዱን ጥርሷን ነጭ ይዞት ሄዷል። ዘበርጋ ጣቱን እዚያ ላይ አኖረ። ነጭ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጠየቀም። ቤቴ ሄጄ ጥቂት አኳራጅና ያቺን የዕቁብ ቲዩብ አመጣሁ፤ ለምን እንዳልጣልኳት አትጠይቁኝ። እንደ ደረቀ በርበሬ ተጨማድዳለች።

"ይቺ የእኔ ዕጣ አይደለችም እንዴ?" አለ።

"ናት።"

በምላጭ ቀደዳት። ጠርዟ ድንጋይ ሆኗል፤ ከታጠፈው ሥር ግን ለስላሳ ነጭ ነበር፣ የምስር ፍሬ የምታህል። በሁለት ጠብታ አኳራጅ አቀጠነው። የክብሪት እንጨት አሹሎ ዘወር አለና፣ "እጄ ይንቀጠቀጣል፤ አንተ አድርገው" አለኝ።

"እኔ በእሷ ላይ ሠርቼ ጨርሻለሁ" አልኩት።

እጁን በሌላ እጁ ደግፎ አስነካት። አንድ ጊዜ ብቻ። አስካለ ሙሉ ሆና ሳቀች። እኔም ኮሪደር ወጥቼ ለሰናይት ደወልኩ። "አይስተካከልም ልጄ፤ ቴሌቪዥኑን ስቀይ" አልኳት።

ስመለስ ክፍሉ አኳራጅ አኳራጅ ይሸታል። ሆዴ፣ ያ ሞኝ፣ ጮኸ። ዘበርጋ ከሥዕሉ ፊት እንደተቀመጠ ዓይኑን ሳያነሣ፣

"ለማ፣ ራበኝ" አለ።

ጉልበቴን ረስቼ ደረጃውን ወረድኩ። ቆጮና ጎመን አስቋጥሬ ስመለስ፣ ሳህኑ ላይ ዘርግቶ ከሁለት ሊከፍለው ሲል ሁሉንም ወደ እሱ ገፋሁትና፣ "እኔ በልቼ ነው የመጣሁት" አልኩ።

"ምን በልተህ!" አለኝ፤ ልክ እንደ እሷ አድርጎ።